ከመገሠጽ በፊት መጠየቅ
በጌም ስለ ተያዙ ተማሪዎች የቀረበ የጥናት ጽሑፍ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዚህ እትም ልናነሣ የወደድነው ጉዳይ በየቤታችን ያለ፣ ነገር ግን በጉባኤ ሲነሣ ሁልጊዜ በቁጣ የሚያልቅ ጉዳይ ነው። ይኸውም ታናናሾቻችን በስልክና በፕሌይስቴሽን ጨዋታ ስለ መያዛቸው ነው። ቁጣው አልሠራም ብለን የምንጽፈው ሌላውን ለመንቀፍ አይደለም፤ ከሁሉ አስቀድመን የተቆጣነው እኛው ስለሆንን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት በማእከላውያን ክፍል የሚማሩት ልጆች ቁጥር እየቀነሰ ሲሄድ፣ እኛ የወጣት ክፍል አባላት ምክንያቱን ለማጣራት ተነሣን። ብዙም አልደከምንም። ከቅዳሴ በኋላ ከአራዳ ጊዮርጊስ ወጥተን ቁልቁል ስንወርድ ልጆቹን ከአንድ ፕሌይስቴሽን ቤት ደጃፍ አገኘናቸው። ስማቸውን መዘገብን፤ በሚቀጥለው ጉባኤም ስማቸው በሁሉ ፊት ተነበበ። ሰባት ነበሩ። ከዚያ በኋላ በነበረው እሑድ ከሰባቱ የመጡት ሁለት ብቻ ናቸው። አምስቱን ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ወደ ፕሌይስቴሽን ቤቱ የመለስናቸው እኛው ነን ብንል ማጋነን አይሆንብንም። ከአምስቱ ሁለቱ እስከ ዛሬ አልተመለሱም።

ይህ ካሳፈረን በኋላ ነው በዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቡና ትምህርት የምትከታተል አንዲት እኅታችን በትምህርቷ ያገኘችውን አንድ ዘዴ አምጥታ ለክፍላችን ያስረዳችን። ዘዴው በእንግሊዝኛ ሞቲቬሽናል ኢንተርቪዊንግ ይባላል። እኛ በአማርኛ አነሣሽ ቃለ ምልልስ ብለነዋል። በአዳራሽ ቲኬት ተሽጦበት ከሚሰማው አነቃቂ ንግግር ጋር ግን እንዳይምታታ አደራ እንላለን። በዚያኛው ተናጋሪው ለሁለት ሰዓት ይናገራል፤ በዚህኛው ተናጋሪው ችግሩ ያለበት ሰው ራሱ ነው።

ለመሆኑ ሱስ የምንለው የቱን ነው?

ጨዋታ ሁሉ ሱስ አይደለም። አባቶቻችን ገበጣ ተጫውተዋል፤ ታላላቆቻችን በዚሁ በፒያሳ ጆተኒና ከረምቡላ ላይ ብዙ ከሰዓት በኋላ አሳልፈዋል፤ እኛም ብንሆን ፊፋ የማንችል መስለን መታየት አንፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባጸደቀውና ከጥር 1 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው 11ኛው የበሽታዎች መዘርዝር የጨዋታ መታወክ የሚል ስያሜ አስገብቷል። መለኪያው በቀን ስንት ሰዓት ተጫወተ የሚል አይደለም። ሰውየው ጨዋታውን መቈጣጠር ሲያቅተው፣ ጨዋታው ከሌላው ኑሮው ሁሉ ሲቀድምበት፣ ጉዳቱን እያየም ሲቀጥል፣ ይህም በትምህርቱ፣ በቤተሰቡ ወይም በሥራው ላይ ከባድ ጉዳት አድርሶ አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወራት ያህል ሲቆይ ነው መታወክ የሚባለው። እንግዲህ በዚህ መለኪያ ስማቸውን ካነበብንባቸው ሰባት ልጆች አብዛኞቹ እሑድ ከሰዓት በኋላ የሚጫወቱ ልጆች እንጂ ሱሰኞች አልነበሩም። ይህን ያወቅነው ዘግይተን ነው።

ወላጆች በበኩላቸው የትምህርት ድካምን ሁሉ በስልክ ያሳብባሉ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ50 በመቶ በላይ ያመጡት ተማሪዎች በ2014 ዓ.ም. ከመቶ 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 መሆናቸው በተነገረ ጊዜ በየቤቱ «ይኸው ስልኩ!» ተብሏል። በዚህ አንስማማም። ከመቶ ዘጠና አምስቱ ልጅ ሁሉ ጌም ሲጫወት አላደረም። ነገር ግን ፈተናው እንዲህ የጠበበ በር ሆኖ ሳለ፣ ሌሊቱን በጨዋታ ያነጋ ልጅ በዚያ በር የማለፍ ተስፋው ከሌላው ይልቅ መመንመኑን መካድ አይቻልም።

አንድ ነገር ደግሞ በመካከል እናስገባ። በ2016 ዓ.ም. በቴሌግራም ላይ ሃምስተር ኮምባት የሚባል ስልክ እየነኩ ሳንቲም የሚሰበስቡበት ጨዋታ በከተማችን ምን ያህል እንደ ተስፋፋ ሁላችን እናስታውሳለን። ተማሪው በክፍል፣ ሹፌሩ በመሪው ላይ፣ አንዳንዶቻችንም (እውነቱን ለመናገር) በመዝሙር ጥናት ሰዓት ስንነካካ ነበር። የተጠበቀው ገንዘብ የታደለው መስከረም 16 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በደመራው ዕለት ነበር፤ ብዙው ሰው ያገኘው ከጠበቀው እጅግ ያነሰ ሆነ። ይህን ያነሣነው «ልጆች ተይዘዋል» ስንል እኛም ነጻ እንዳልነበርን ለማስታወስ ነው።

ዘዴው ከየት መጣ?

ዊልያም ሚለር የሚባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ በመጠጥ የተያዙ ሰዎችን ይረዱ ነበር። በ1982 እ.ኤ.አ. ወደ ኖርዌይ ሄደው ለወጣት ባለሙያዎች ሥራቸውን ሲያሳዩ፣ ወጣቶቹ በየመካከሉ እያስቆሙ «አሁን ይህን ለምን ጠየቁ? ለምን ያንን አላሉም?» እያሉ አስቸገሯቸው። ሚለርም መልስ ለመስጠት ሲሉ ሳያስቡት የሚሠሩበትን ሥርዓት ለመጀመሪያ ጊዜ በቃል አወጡት፤ በ1983 እ.ኤ.አ. ጽሑፍ አድርገው አሳተሙት። በኋላም ከስቲቨን ሮልኒክ ጋር ሆነው በ1991 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን መጽሐፍ አወጡ። ዘዴው በይበልጥ የተፈተነው በመጠጥ፣ በትንባሆና በአደንዛዥ ነገሮች ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለጤና ጣቢያ ሠራተኞች ባዘጋጀው የአእምሮ ጤና መመሪያም ውስጥ ገብቷል፤ ሀገራችን ይህን መመሪያ ሥራ ላይ ካዋሉት አንዷ ናት። ለጨዋታ መዋሉ ከዚያ የቀጠለ ነው።

ከተማርነው ሁሉ ልባችንን የነካው አንድ የጥናት ውጤት ነበር። በ1993 እ.ኤ.አ. ሚለርና ባልደረቦቻቸው ባወጡት ጥናት፣ አማካሪው ጠጪውን ፊት ለፊት በተጋፈጠው፣ በተሟገተውና በወቀሰው መጠን፣ ሰውየው ከአንድ ዓመት በኋላ የሚጠጣው መጠጥ በዝቶ ተገኘ። በጉባኤ የተነበቡት ሰባት ስሞች በዚያች ደቂቃ ትዝ አሉን።

ምክንያቱን ስናስበው ሩቅ አይደለም። በአንድ ነገር የተያዘ ሰው በልቡ ሁለት ሐሳብ አለው፤ መተውም ይፈልጋል፣ አለመተውም ይፈልጋል። እኛ ስለ መተው ስንሟገት እሱ የቀረውን ጎን ይዞ ይሟገታል። «ጌም ትምህርትህን ገደለው» ስንለው «ማን አለ? ባለፈው ሴሚስተር 80 አምጥቻለሁ» ይላል። ሰው ደግሞ በራሱ አንደበት የተከራከረለትን ነገር የበለጠ ያምነዋል። ስለዚህ በደግ ልብ የሰጠነው ተግሣጽ ልጁን ለጨዋታው ጠበቃ ያደርገዋል። የአነሣሽ ቃለ ምልልስ ሥራ ይህን መገልበጥ ነው፤ የመለወጡን ምክንያት ልጁ ራሱ እንዲናገረው መንገድ ይጠርጋል።

እዚህ ላይ የመጻጉዕን ነገር ማስታወስ ለእኛ ተገቢ ነው። ጌታችን 38 ዓመት በአልጋ ላይ የኖረውን ሰው ሁሉን የሚያውቅ አምላክ ሲሆን ሳለ መዳን ይፈልግ እንደሆነ ጠየቀው (ዮሐ. 5፥6)። በዐቢይ ጾም አራተኛ እሑድ በየዓመቱ እንሰማዋለን፤ ጥያቄው ለምን እንዳስፈለገ ግን ቆም ብለን አላሰብንም ነበር። ሰውየው እወዳለሁ ብሎ አልመለሰም፤ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው እንደሌለው፣ ሌላው እንደሚቀድመው ተናገረ። በዛሬው ቋንቋ ምክንያት ደረደረ እንለው ይሆናል። ጌታም ስለ ምክንያቱ አልወቀሰውም። ከመካከላችን አንዱ ወንድም ግን «ነቢዩ ናታንስ ዳዊትን ፊት ለፊት ነግሮት የለም ወይ?» ሲል ተከራከረን። ክርክሩ ጥሩ ነበር። ስናነበው ናታን አስቀድሞ የአንዲቱን በግ ታሪክ ነግሮት ዳዊት በራሱ አፍ ከፈረደ በኋላ ነው ወደ ተግሣጹ የሄደው (2ኛ ሳሙ. 12)። ወንድማችን በዚህ ሙሉ በሙሉ አልረካም፤ ተግሣጽም ቦታ አለው ይላል። እኛም ቦታ የለውም አላልንም፤ በመጀመሪያው ቀን፣ በሰው ፊት ግን አይደለም።

እንዴት ይሠራል?

በሥራ ላይ የሚውሉት ነገሮች አራት ናቸው፤ አዎ ወይም አይደለም በሚል የማያልቅ ክፍት ጥያቄ መጠየቅ፣ በልጁ ላይ ያየነውን በጎ ነገር ሳንሸነግል መመስከር፣ የተናገረውን ሰምተን ፍሬ ነገሩን መልሰን መንገር፣ በመጨረሻም የተባለውን ሰብስበን እንደ እቅፍ አበባ ለእሱ መስጠት። ከሁሉ የሚከብደው ሦስተኛው ነው። ሰምቶ መመለስ ቀላል ይመስላል፤ ስንሞክረው ግን ከአምስት ደቂቃ በላይ ሳንመክር መቆየት አቃተን። እርስ በርሳችን ሦስት ሳምንት ተለማመድን። በልምምዱ ላይ «እንዲህ ብታደርግስ» ያለ ሰው ለሻይ 10 ብር ይቀጣ ብለን ነበር፤ ሻይ አልጠፋም።

አሁን ወደ ልጁ እንመለስ። ስማቸው ከተነበበው አንዱ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ተወልዶ ያደገው ዶሮ ማነቂያ ነበር። ፒያሳና አካባቢዋ በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ሲፈርሱ ቤተሰቡ ወደ ከተማዋ ዳር ተዛወረ፤ እናቱ ግን አጥቢያዋን አልተውም ብላ እሑድ እሑድ በአውቶቡስ ይዛው ትመጣለች። እናቱ እያለቀሰች ነበር ወደ እኛ የመጣችው። «ልጆቼ፣ ሌሊቱን ሙሉ ስልክ ላይ ነው፤ እናንተን ይሰማል፣ ተቆጡልኝ» አለችን። «እማማ፣ ተቆጥተን ነበር» ብለን መለስን።

ከልጁ ጋር የተቀመጥነው ሁለት ሆነን፣ ከቅጽሩ ውጭ በአንድ ሻይ ቤት ነው። የመጀመሪያ ቃላችን ይቅርታ ነበር፤ ስሙን ማንበባችን ስሕተት እንደነበረ ነገርነው። ከዚያ ልናነጋግረው ፈቃዱ እንደሆነ ጠየቅነው። ትከሻውን ነቀነቀ።

«ማታ ማታ የምትጫወተው ምንድን ነው?»

«ፐብጂ።»

«እስቲ ስለ እሱ ንገረን፤ ምኑ ነው ደስ የሚልህ?»

ቀና ብሎ አየን። ወጥመድ የመሰለው ይመስለናል። ቆይቶ ግን «ጋሼ፣ ጨዋታው እንኳ እንደዚያ አይደለም፤ ልጆቹ ስላሉ ነው» አለ።

«ልጆቹ?»

«የሰፈር ልጆች። አራታችን በአንድ ስኳድ ነው የምንገባው። ሁላችንም የሄድነው ለየብቻ ነው፤ አንዱ በዚህ ጫፍ፣ አንዱ በዚያ ጫፍ።»

«ሰፈሩ ከፈረሰ በኋላ የምትገናኙት እዚያ ብቻ ነው ማለት ነው።»

ብዙ ዝም አለ። «ድምፃቸውን ስሰማ የድሮው በራችን ላይ የተቀመጥን ነው የሚመስለኝ» አለ።

አንባብያን ሆይ፣ እኛ ይህን ልጅ ከስልኩ ልናላቅቀው ነበር የመጣነው። እሱ ግን ከስልኩ ጋር ሳይሆን ከፈረሰ ሰፈሩ ጋር ነበር የተያያዘው። ስሙን ስንመዘግብ፣ ስናነብ፣ ስንቆጣ ይህን ልናውቅ የምንችልበት ምንም መንገድ አልነበረንም፤ የጠየቀው ስላልነበረ።

ከዚያ በኋላ የቁጥር ጥያቄ ወደሚባለው አለፍን። «ከ0 እስከ 10 ብትሰጠው፣ የሌሊቱን ጨዋታ መቀነስ ለአንተ ምን ያህል አስፈላጊ ነው?» አልነው። «4» አለ። እዚህ ላይ ተፈጥሮአችን «ለምን 9 አላልክም?» ሊል ይቸኩላል። እንዲያ ቢባል ልጁ የማይተውበትን ምክንያት ይዘረዝራል። የሚጠየቀው ተገላቢጦሹ ነው፤ «4 ለምን ሆነ? ለምን 0 አላልከውም?»

ልጁ እንዲህ ሲል ነገረን። እናቱ እንጀራ ጋግራ ለሱቆች ታስረክባለች፤ ለዚህም ከሌሊቱ 10 ሰዓት ትነሣለች። አንድ ሌሊት ስትነሣ እሱ ገና አልተኛም ነበር፤ ስልኩን በደብተር ሸፈነው። «ልታጠና ተነሣህ ልጄ?» አለችው። «አዎ» አላት። እናቱም እጇን በራሱ ላይ ጭና መረቀችው። «ያን ምርቃት በውሸት ነው የወሰድኩት» አለን፤ ከዚያ ወዲያ ለጥቂት ጊዜ መናገር አልቻለም።

የቱ ስብከታችን ከዚህ በላይ ይናገር ነበር? እኛ የጨመርነው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ «በአንድ በኩል ጓደኞችህን ማጣት አትፈልግም፤ በሌላ በኩል የእናትህን ምርቃት በእውነት መቀበል ትፈልጋለህ» አልነው። «አዎ፣ እንደዚያ ነው» አለ።

የማስፈለጉን ያህል ይችለው እንደሆነም በቁጥር ጠየቅነው። ለዚህኛው «2» አለ። ጨዋታውን ከስልኩ አጥፋው የሚለው ምክር ከአፋችን ሊወጣ ሲል መለስነው። «2ቱን 3 ወይም 4 ሊያደርገው የሚችል ምን ይኖራል?» ስንለው መልሱ እኛ ፈጽሞ ያላሰብነው ሆነ። ብቻውን ቢወጣ ሦስቱን መክዳት ስለሚሆንበት፣ አራቱም በአንድነት ከምሽቱ 2 ሰዓት ገብተው 4 ሰዓት ላይ እንዲወጡ እንደሚነግራቸው፣ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ደግሞ በአካል እንደሚገናኙ ተናገረ። መገናኛው በምኒልክ ሐውልት አጠገብ ሆነ። እኛ የቤተ ክርስቲያኑን ቅጽር አስበን ነበር፤ ከአራቱ አንዱ ሙስሊም መሆኑን ያሰበበት እሱ ነው። ስልኩን ከ4 ሰዓት በኋላ ለእናቱ እንደሚሰጥ የጨመረውም ራሱ ነው፤ ይህን ለእናቱ ለመናገር ግን አንድ ወር ፈጀበት።

መልካም ሆነ ብለን እንዳንጨርሰው፣ በሦስተኛው ወር ከፈተና ማግሥት ሦስት ሌሊት በተከታታይ አነጋ። ከእኛ አንዱ «አላልንህም ነበር?» ብሎ የልምምዱን ሁሉ ፍሬ ሊያጠፋው ምንም አልቀረውም፤ እኅታችን በዓይኗ አስቆመችው። «ከዚያ በፊት የነበሩት ሳምንታት እንዴት ሆነው ነው የሠሩልህ?» ስትል ጠየቀችው። ልጁም ቅዳሜ የተገናኙ እንደሆነ ሌሊቱ እንደሚቀለው፣ ያን ሰሞን ግን ለአውቶቡስ የሚሆን ገንዘብ ከሁለቱ ጠፍቶ እንደቀሩ ነገራት። እንግዲህ ችግሩ የ40 እና የ50 ብር መሆኑን በዚህ አወቅን። የወጣት ክፍሉ ከሻይ ቅጣቱ የተረፈውን ለዚህ እንዲያውል ተስማማ።

ይህ ዘዴ ሁሉን አይፈታም። ልጁ እንቅልፍና ምግብ ፈጽሞ ከተወ፣ ከቤት ገንዘብ መስረቅ ከጀመረ፣ ወይም መኖር እንደሰለቸው ከተናገረ፣ ጉዳዩ ከእኛ አቅም በላይ ነው። ያን ጊዜ ለወላጅና ለንስሐ አባት ከመንገር ጋር ወደ ጤና ባለሙያ፣ ለምሳሌ ወደ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል፣ መውሰድ እንጂ በሻይ ቤት ጨዋታ ማዘግየት አይገባም። ሌላም ጥንቃቄ አለ፤ መልሱን አስቀድሞ በልቡ ወስኖ እንደ ዘዴ ብቻ የሚጠይቅ ሰው በልጆች ዘንድ ወዲያው ይታወቃል። ከሌሎቹ ልጆች አንዱን እንዲህ አድርገን ጠይቀነው «ጋሼ፣ ይህን ከመጽሐፍ ነው ያጠናችሁት?» ብሎን ሄዷል።

ልጁ አሁን 12ኛ ክፍል ነው። የሌሊቱ ጨዋታ ቀንሷል እንጂ አልቆመም፤ ባለፈው ወር ስንጠይቀው ለአስፈላጊነቱ 7፣ ለመቻሉ 5 ሰጥቶታል። ስማቸው ከተነበበው ገና ያልተመለሱትን ሁለቱን ለማነጋገር ከፊታችን ያለውን ቅዳሜ ቀጥረናል። ከእኛ ጋር የሚመጣው እሱ ነው፤ የት እንደሚገኙ የሚያውቀው እሱ ብቻ ስለሆነ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።